ነርሷ ልዕልት፦ የፀሐይ ኃይለ ሥላሴ አጭር ሕይወት

ከጅማ ተነሥቶ በአጋሮና በበደሌ በኩል የዴዴሳን ሸለቆ አቋርጦ ነቀምት የሚገባው መንገድ የቡና አገርን ከቡና አገር ያገናኛል። ነሐሴ ሲገባ ጭጋጉ ከጫካው ላይ አይነሣም፤ ጅረቱ ይሞላል፤ ከዋናው መንገድ የሚገነጠሉት የገጠር መንገዶች ጭቃ ይሆናሉ። በዚህ ወር ምጥ የያዛትን ሴት በቃሬዛ ተሸክሞ እስከ ጤና ጣቢያ ማድረስ ምን ማለት እንደሆነ ከሰቶ ሰመሮ እስከ ጎማና ገራ ያለ አርሶ አደር ሁሉ ያውቀዋል።

በዚሁ ወር፣ ነሐሴ 11 ቀን 1934 ዓ.ም.፣ በነቀምት ከተማ የ22 ዓመት ወጣት ሴት ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ሕመም አረፉ። ሟቿ የወለጋ አገረ ገዥ ባለቤትና የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ነበሩ። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን በሙያቸው ነርስ ነበሩ፤ በለንደን ሆስፒታል ተምረው፣ ተፈትነው፣ በነርሶች መዝገብ ላይ ስማቸው የሰፈረ ነርስ። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ማስረጃ የያዘች ኢትዮጵያዊት ማግኘት እጅግ አዳጋች ነበር። ነቀምት ያጣችው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልጋትን ዓይነት ሰው ነው።

ልዕልት ፀሐይ ጥቅምት 2 ቀን 1912 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተወለዱ። አባታቸው ተፈሪ መኮንን በዚያን ጊዜ ራስ፣ አልጋ ወራሽና ባለ ሙሉ ሥልጣን እንደራሴ ነበሩ፤ እናታቸው ወይዘሮ መነን አስፋው ናቸው። ከልጆቹ መካከል ተናኘወርቅ፣ አስፋ ወሰንና ዘነበወርቅ ይቀድሟቸዋል፤ መኮንንና ሣህለ ሥላሴ ይከተሏቸዋል። አባታቸው በ1923 ዓ.ም. ዘውድ ሲጭኑ ገና የ11 ዓመት ልጅ ነበሩ።

የተወለዱበትን ጊዜ ልብ ማለት ያስፈልጋል። ከልደታቸው አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1911 ዓ.ም. ኅዳር፣ ዓለምን ያዳረሰው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ አዲስ አበባን ደቁሷት ነበር። ሕዝቡ የኅዳር በሽታ ብሎ ጠራው። ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው ለሞት ተቃርበው ድነዋል። በከተማዪቱ የነበሩት ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ፤ ከእነርሱም የሞተ ሞተ፣ የታመመ ታመመ። አስታማሚውም ከታማሚው አጠገብ ወደቀ። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ እየተሰበሰበ ሲቃጠልና ኅዳር ሲታጠን ሲባል ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ያንን ዘመን ነው።

ለመሆኑ በዚያን ጊዜ በአገራችን በሽተኛን የሚያስታምመው ማን ነበር? መልሱ በቃሉ ውስጥ አለ። አስታማሚ ማለት እናት ናት፣ እኅት ናት፣ የጎረቤት ባልቴት ናት። ማስታመም የዘመድ ዕዳ እንጂ ደመወዝ የሚከፈልበት ሥራ አልነበረም። አጥንት ሲሰበር ወጌሻ ይጠራል፤ ምጥ ሲመጣ የልምድ አዋላጅ ትመጣለች፤ ሥር ምሶ ቅጠል በጥሶ የሚያክም የባህል መድኃኒት አዋቂም በየአገሩ ነበር። ምእመኑ ጠበል ይጠመቃል፤ በጅማ አባ ጅፋር አገር ደግሞ ሕመምተኛው ዱዓ ሊያስደርግ ወደ ሼኾች ይሄዳል። ይህ ሁሉ የራሱ ጥበብ ነበረው፤ ዛሬ ላይ ሆኖ ማናናቅ ተገቢ አይደለም። ነገር ግን ደም መፍሰስ የማይቆምላትን ወላድ፣ ወይም በቆላው ንዳድ የሚንቀጠቀጠውን የሲራራ ነጋዴ ሌሊቱን ሙሉ በዕውቀት የሚጠብቅ፣ ሙቀቱን የሚለካ፣ ቁስሉን በተቀቀለ ጨርቅ የሚጠርግ ሠልጣኝ እጅ አልነበረም።

ሆስፒታል የሚባለው ነገር ራሱ ገና አዲስ ነበር። ከዐድዋ ድል በኋላ በ1888 ዓ.ም. የመጣው የሩሲያ ቀይ መስቀል የሐኪሞች ቡድን ቁስለኞችን አከመ፤ ከዚያም ሥራ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል በቀለ። ራስ ተፈሪ በ1910ዎቹ መጨረሻ ላይ ቤተ ሳይዳ የተባለውን፣ ዛሬ የካቲት 12 የሚባለውን ሆስፒታል አቋቋሙ። በክፍለ ሀገር ሕክምናው ያረፈው በአብዛኛው በሚሲዮኖች ትከሻ ላይ ነበር፤ ከእነዚህም አንዱ በነቀምት ይሠራ የነበረው የስዊድን ሚሲዮን ነው። በእነዚህ ቤቶች ነርሶቹ የውጭ አገር ሴቶች ነበሩ። ኢትዮጵያውያኑ ድሬሰር እየተባሉ ቁስል የሚያጥቡና ፋሻ የሚጠቀልሉ ረዳቶች ሲሆኑ፣ እነርሱም በአመዛኙ ወንዶች ነበሩ። ጨዋ የተባለ ቤተሰብ ልጁን ወደዚህ ሥራ አይልክም። የማታውቀውን ሰው ገላ ማጠብ፣ ሰገራውን ማንሣት የአገልጋይ ሥራ ተደርጎ ይቆጠር ነበር።

እንዲህ ያለው ንቀት የእኛ አገር ብቻ አልነበረም። በእንግሊዝም ቢሆን ፍሎረንስ ናይቲንጌል በ1854 እ.ኤ.አ. በክሪሚያ ጦርነት ቁስለኛ ወታደሮችን ለመርዳት ስኩታሪ እስክትደርስና በ1860 በለንደኑ ቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል የነርሶች ትምህርት ቤት እስክትከፍት ድረስ፣ የሆስፒታል አስታማሚነት ሌላ ሥራ ያጡ ሴቶች መጠጊያ ይመስል ነበር። የነርስነት ሙያ በሕግ የታወቀውና ነርሶች በመንግሥት መዝገብ እንዲሰፍሩ የተደነገገው ደግሞ በ1919 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ነው። ልዕልት ፀሐይ የተወለዱት በዚያው በፈረንጆች ዓመት ነበር።

በ1926 ዓ.ም. ታላቅ እኅታቸው ልዕልት ዘነበወርቅ ትግራይ በትዳር ላይ ሳሉ በለጋ ዕድሜያቸው አረፉ። ፀሐይ ያን ጊዜ የ14 ዓመት ልጅ ነበሩ። የንጉሥ ልጅ መሆን ከሞት እንደማያድን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከቤታቸው ተማሩ። ወደ ነርስነት የመራቸው ይህ ሐዘን ነው ብሎ በእርግጠኝነት መናገር ያስቸግራል፤ ዋናው አስተማሪያቸው ከዚያ በኋላ የመጣው ጦርነት ነበር።

ጣሊያን መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ድንበር ጥሶ ሲገባ ኢትዮጵያ የረባ የጦር ሜዳ ሕክምና አልነበራትም። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የተቋቋመው ከወረራው ሦስት ወር ያህል ብቻ ቀደም ብሎ፣ ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም. ነው። ከስዊድን፣ ከኖርዌይ፣ ከእንግሊዝ፣ ከሆላንድ፣ ከፊንላንድና ከግብፅ የመጡ የሕክምና ቡድኖች ወደየግንባሩ ተሠማሩ። በእቴጌ መነን የበላይ ጠባቂነት የሴቶች የበጎ አድራጎት ማኅበር ተመሠረተ፤ የ16 ዓመቷ ልዕልትም ከመኳንንቱና ከከተማው ሴቶች ጋር ተቀምጠው ፋሻ ይቀዱ፣ ለዘማቹ ልብስ ያሰናዱ፣ በኋላም የመርዝ ጋዝ መከላከያ ጭንብል በጨርቅ ይሰፉ ጀመር።

ጭንብሉ ብዙ አላዳነም። ጣሊያኖች ከአውሮፕላን የሚረጩት ይፐሪት የሚገባው በአፍንጫ ብቻ ሳይሆን በቆዳም ነው። ባዶ እግሩን የሚዘምተው ወታደር የረገጠው ሣር፣ የጠጣው ውኃ፣ የለበሰው ጋቢ ያቃጥለዋል። ገላው ይላጣል፤ ዓይኑ ይጠፋል። እንዲህ ያለውን ቁስለኛ ከፋሻና ከንጹሕ ውኃ፣ ከትዕግሥትና ከሠለጠነ አስታማሚ በቀር የሚረዳው የለም፤ በሰሜን ግንባር ከእነዚህ አብዛኛው አልነበረም። የቀይ መስቀል ዓርማም አላስከበረም። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ደሴ ስትደበደብ የአሜሪካውያን ሚሲዮን ሆስፒታል ተመታ፤ በታኅሣሥ ወር በደቡብ ግንባር መልካ ዲዳ ላይ የስዊድን ቀይ መስቀል ድንኳኖች በቦምብ ወደሙ፤ በየካቲት መጨረሻ ቆረም አጠገብ የሰፈረው የእንግሊዞች ቡድንም ይኸው ደረሰው።

ልዕልት ፀሐይ በዚያው ዓመት የመርዝ ጋዙን ግፍ የሚገልጥ አቤቱታ ለእንግሊዝ አገር ሴቶች ላኩ። ጋዙ የሚያቃጥለው ወታደሩን ብቻ እንዳልሆነ፣ ሴቱንና ሕፃኑንም እንደሚፈጅ አስረዱ። መልእክቱ በጋዜጦች ታትሞ ብዙዎችን አሳዘነ፤ መንግሥታት ግን ከቦታቸው አልተነቃነቁም። አንዲት ልጅ እግር የቃልን አቅም ወሰን የለካችው በዚያን ጊዜ ይመስላል።

ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱና ቤተሰባቸው በባቡር ወደ ጅቡቲ ሄዱ፤ ከዚያም በእንግሊዝ የጦር መርከብ ሐይፋ ደርሰው ኢየሩሳሌም ተሳለሙ። በግንቦት ወር መጨረሻ ንጉሠ ነገሥቱ ለንደን ሲገቡ ልዕልት ፀሐይ አብረዋቸው ነበሩ። ተቀባያቸው በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር የነበሩት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ናቸው፤ በሕፃንነታቸው ከመቅደላ ተወስደው በህንድና በስኮትላንድ ሕክምና የተማሩት ታላቅ ሰው። እንግሊዝኛና ፈረንሳይኛ የሚያውቁት ልዕልት ለአባታቸው አስተርጓሚ ሆኑ። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቭ የመንግሥታት ማኅበር ፊት የቀረበው አቤቱታ ፍሬ ሳያፈራ ሲቀር ቤተሰቡ በባዝ ከተማ ፌርፊልድ በተባለ ቤት ሰፈረ። ኑሮው የስደት ኑሮ ነበር። ገንዘብ ያጥራል፤ ቤቱ ይበርዳል፤ የብር ዕቃዎች ለሽያጭ ይወጣሉ።

በዚህ ጊዜ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ላይ ያሉት ልዕልት የወሰኑት ውሳኔ ከዘመኑ አስተሳሰብ ውጭ ነበር። በፌርፊልድ ተቀምጠው የስደተኛ ልዕልትነትን ክብር ከመጠበቅ ይልቅ በለንደን በሚገኘው የግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ተለማማጅ ነርስ ሆነው ገቡ። ይህ ሆስፒታል በ1852 እ.ኤ.አ. የተከፈተና በእንግሊዝ የሕፃናት ሕክምና ቀዳሚ የሆነ ቤት ነው።

የዚያ ዘመን ተለማማጅ ነርስ ሕይወት ቀላል አልነበረም። ትምህርቱ ሦስት ዓመት ያህል ይወስዳል። ተማሪዋ የምታድረው በነርሶች መኖሪያ፣ የምትወጣና የምትገባው በሰዓት ነው። ማለዳ ትነሣለች፤ አልጋ ታነጥፋለች፤ ወለልና ዕቃ ትወለውላለች፤ የሽንትና የሰገራ ዕቃ ታጥባለች፤ መሣሪያ ትቀቅላለች፤ ሕፃናትን ታጥባለች፣ በማንኪያ ታጎርሳለች፤ ሙቀትና ትንፋሽ እየለካች በሠንጠረዥ ትመዘግባለች። ሐኪሞች የሚሰጡት ትምህርት የሚመጣው ከዚህ ሁሉ ድካም በኋላ ነው። የአልጋ ልብስ ማዕዘን እንኳ በሥርዓቱ ካልታጠፈ የክፍሉ ኃላፊ ነርስ ፈትታ ታስደግማለች። ይህ ጥቃቅን ሥርዓት ለተመልካች ዛዛታ ይመስላል። ፔኒሲሊን ገና ለሕሙማን ባልደረሰበት፣ ሰልፋ የተባሉት መድኃኒቶችም ብቅ ባሉበት ጊዜ ግን ሳንባውን የታመመ ሕፃን መዳኑና አለመዳኑ ብዙውን ጊዜ የሚወሰነው በሐኪሙ ማዘዣ ሳይሆን በነርሷ እጅ ነበር። በየሰዓቱ የሚገለበጥ፣ በየጊዜው ውኃ የሚቀምስ፣ አክታው የሚጠረግለት፣ ቁስሉ ንጹሕ የሆነ ልጅ ይድናል። ችላ የተባለው ይሞታል።

ሌላም ነገር ነበር። በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ የሕፃናት ሆስፒታሎች ወላጆች ልጆቻቸውን እንዲጠይቁ የሚፈቀድላቸው ጥቂት ሰዓት ብቻ ነው። ሕፃኑ ሲያለቅስ የምትደርስለት ነርሷ ናት። በኢትዮጵያ ቤተ ዘመድ አልጋውን ከቦ የሚያስታምመውን ታማሚ እያዩ ላደጉት ልዕልት ይህ እንግዳ ነገር ሳይሆንባቸው አልቀረም። ከአገራቸው የመጣችው የማስታመም ልማድ ዘመድ አላት፣ ዕውቀት ይጎድላታል፤ በለንደን ያገኟት ዕውቀት አላት፣ ዘመድ ይጎድላታል። ሁለቱን የሚያጋባ ሆስፒታል በአገራቸው መመሥረት የሕይወታቸው ዓላማ ሆነ። ከስደት ሲመለሱ ለኢትዮጵያ እናቶችና ሕፃናት የሕክምና ቤት፣ ለወጣት ሴቶችም የነርስነት ትምህርት ቤት እንዲኖር ይመኙ እንደነበር በቅርብ ያወቋቸው ሁሉ መስክረዋል።

በነሐሴ ወር 1931 ዓ.ም. የሕፃናት ነርስነት ማዕረጋቸውን አግኝተው በመንግሥት መዝገብ ተመዘገቡ። ወዲያው ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፈነዳ፤ የለንደን ሕፃናት ወደ ገጠር ተበተኑ። ልዕልት ፀሐይ በ1721 እ.ኤ.አ. ወደተመሠረተው ወደ ጋይስ ሆስፒታል ተዛውረው የዐዋቂዎችን አጠቃላይ የነርስነት ሥራ ቀጠሉ። በ1933 ዓ.ም. መጀመሪያ የጀርመን አውሮፕላኖች ለንደንን ሌሊት ሌሊት መደብደብ ሲጀምሩ ሆስፒታሎቹም አልቀረላቸውም። በአዲስ አበባ ፋሻ ይቀዱ የነበሩት እጆች አሁን በሠለጠነ ሙያ የሌላ አገር ቁስለኛ ይረዱ ነበር።

ኢትዮጵያ ነጻ ወጣች። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገቡ፤ ልዕልቲቱም ከለንደን ወደ አገራቸው ተመለሱ። ያገኟት አገር ከጥላ የወጣች ግን የቆሰለች ነበረች። በጦርነቱ ዋዜማ ተምረው ከነበሩት ጥቂት ኢትዮጵያውያን ብዙዎቹ ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋ ጋር ተያይዞ ተረሽነዋል፤ የሐኪም ወርቅነህ ሁለት ልጆች ዮሴፍና ብንያም ከእነርሱ መካከል ናቸው። ሚሲዮኖቹ ከአገር ተባርረው ነበር። ጣሊያኖች የሠሯቸው ሆስፒታሎች በመጀመሪያ የታሰቡት ለራሳቸው ወታደሮችና ሰፋሪዎች ነው።

ጅማም ከእነዚህ አንዱን ወረሰች። የዛሬው የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል መነሻው በ1930 ዓ.ም. ጣሊያኖች ለወታደሮቻቸው የከፈቱት ሆስፒታል ነው። ከነጻነት በኋላ ራስ ደስታ ዳምጠው ሆስፒታል ተባለ። ራስ ደስታ የልዕልት ተናኘወርቅ ባል፣ ማለትም የልዕልት ፀሐይ የእኅት ባል ሲሆኑ፣ በደቡብ ግንባር ተዋግተው በ1929 ዓ.ም. የካቲት በጠላት እጅ የተገደሉ አርበኛ ናቸው። የጅማ ሰው ለብዙ ዓመታት ታሞ ራስ ደስታ ገባ ሲል የነበረው የዚህን ቤተሰብ ሰው ስም እየጠራ ነው። በደርግ ዘመን ስሙ ጅማ ሆስፒታል ተብሎ ተለወጠ።

ሚያዝያ 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ልዕልት ፀሐይ የሊቀ መኳስ አበበ አጥናፍ ሰገድን ልጅ አብይ አበበን አገቡ። አብይ የወለጋ አገረ ገዥ ስለነበሩ ሙሽሮቹ ወደ ነቀምት አቀኑ። ለነርስ ወለጋ ሥራ የማይጎድልበት አገር ነበር። በቆላው ወባ፣ በደጋው የሕፃናት ተቅማጥና ሳል፣ በሁሉም ስፍራ ያለ አዋላጅ የሚወልዱ እናቶች። ከነቀምት እስከ አዲስ አበባ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በክረምት ይህ ርቀት በኪሎ ሜትር ሳይሆን በቀን ይቆጠራል።

ከሠርጋቸው አራት ወር እንኳ ሳይሞላ አረፉ። የእርግዝና ደም መፍሰስ ዛሬ በብዙ ስፍራ የሚድን ሕመም ነው፤ የተዘጋጀ ደም፣ የሠለጠነ አዋላጅና በቅርብ ያለ የቀዶ ሕክምና ክፍል ይፈልጋል። ልዕልቲቱ ሌላ ሴት በዚህ ሁኔታ ላይ ብትሆን ምን እንደሚደረግላት ከማንም በተሻለ ያውቁ ነበር፤ ለእርሳቸው የሚደርስላቸው ግን አልተገኘም። አስከሬናቸው ወደ አዲስ አበባ ተወስዶ በበዓታ ለማርያም ገዳም ከአፄ ምኒልክ መቃብር ቤት አረፈ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መሸሸግ አይገባም። በዚያው ክረምት፣ በዚያው አገር፣ በዚያው ዓይነት ሞት የሞተች የገበሬ ሚስት ብትኖር ስሟን የጻፈ የለም። ልዕልት ፀሐይ የተማሩበት ዕድልም ለሌላ ኢትዮጵያዊት ልጅ የሚደርስ አልነበረም። የእርሳቸው ሞት ከሌሎቹ የሚለየው መታሰቢያ የሚያሠራ አባትና የሚያዝንላቸው ወዳጅ ያለው ሞት በመሆኑ ነው። መታሰቢያው ግን ሐውልት ሳይሆን ሆስፒታል መሆኑ ለገበሬዋም ተረፋት።

ለዚህ ብዙ የደከሙት እንግሊዛዊቷ ሲልቪያ ፓንክኸርስት ናቸው። በወጣትነታቸው ለሴቶች የመምረጥ መብት ታግለው የታሰሩት እኚህ ሴት፣ አዲስ አበባ በጠላት እጅ ከወደቀችበት ከ1928 ዓ.ም. ጀምሮ ለኢትዮጵያ የሚሟገት ሳምንታዊ ጋዜጣ ያሳትሙ ነበር፤ ልዕልቲቱንም በስደት ዘመን ያውቋቸዋል። ከሞታቸው በኋላ በስማቸው ሆስፒታል እንዲሠራ በእንግሊዝ አገር ገንዘብ ማሰባሰብ ጀመሩ። ዓለም ገና በጦርነት ላይ ነበረችና ሥራው ተጓተተ። የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል ሥራ የጀመረው በ1951 እ.ኤ.አ. ነው፤ በውስጡም ለሴቶች የነርስነት ትምህርት ቤት ተከፈተ። በዚያው ጊዜ አካባቢ የቀይ መስቀል የነርሶች ትምህርት ቤትም ሥራ ጀምሮ ነበር። ጨዋ ቤተሰብ ልጁን ወደ ነርስነት አይልክም የሚለው ልማድ መላላት የጀመረው በእነዚህ ትምህርት ቤቶች ነው። የንጉሥ ልጅ ያጠበችውን ቁስል የባላባት ልጅ አላጥብም ልትል አትችልም። ሲልቪያ ፓንክኸርስት በስተርጅና ኑሯቸውን በኢትዮጵያ አድርገው በ1960 እ.ኤ.አ. አርፈው በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀብረዋል።

በ1959 እ.ኤ.አ. ባልና ሚስት የማህፀን ሐኪሞች፣ አውስትራሊያዊቷ ካትሪን ሃምሊንና የኒው ዚላንድ ተወላጁ ሬጂናልድ ሃምሊን፣ በዚሁ ሆስፒታል የአዋላጆች ትምህርት ቤት ለማቋቋም ለሦስት ዓመት ተቀጥረው መጡ። እዚያም በአገራቸው አይተውት የማያውቁትን ሕመም አገኙ። ምጥ ለቀናት ሲቆይ የሕፃኑ ጭንቅላት የእናትየዋን ፊኛና ማህፀን መካከል ያለውን ሥጋ ይጫነዋል፤ ሥጋው ደም አጥቶ ይሞትና ይበሳል። ሕፃኑ አብዛኛውን ጊዜ በሕይወት አይወለድም። እናቲቱ ሽንቷን መቆጣጠር ያቅታትና ከባሏም ከመንደሯም ትገለላለች። ፊስቱላ የሚባለው ይህ ነው። ሃምሊኖች እነዚህን ሴቶች በቀዶ ሕክምና ይጠግኑ ጀመር። ወሬው ከአፍ ወደ አፍ እየተሰማ ሕመምተኞቹ ከሩቅ ገጠር በእግር ይመጡ ነበር፤ በ1974 እ.ኤ.አ. ባልና ሚስቱ የራሱ የሆነ የፊስቱላ ሆስፒታል በአዲስ አበባ ከፈቱ። ሦስት ዓመት ሊቆዩ የመጡት ካትሪን ሃምሊን በኢትዮጵያ ከስልሳ ዓመት በላይ ኖረው በ2020 እ.ኤ.አ. አረፉ።

የልዕልቲቱ ባል አብይ አበበ የጦር ሚኒስትር፣ በኤርትራ የንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴና የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው አገልግለዋል። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ካስረሸናቸው ስልሳ ያህል ባለሥልጣናት አንዱ ነበሩ። ከለውጡ ወዲህ ሆስፒታሉም ስሙ ተቀይሮ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ሆነ። ዛሬ በአዲስ አበባ ጦር ኃይሎች ብሎ ታክሲ የሚጠራ ረዳትም ሆነ የቀላል ባቡሩ የመጨረሻ ጣቢያ ላይ የሚወርድ መንገደኛ ሰፈሩ ስሙን ከየት እንዳገኘ ቢያውቅም፣ ከዚያ በፊት የማን ስም እንደነበረበት የሚያስታውሰው ጥቂት ነው።

በጅማ የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት በ1983 እ.ኤ.አ. ሲከፈት ተማሪዎቹ ከክፍል ይልቅ ከማኅበረሰቡ እንዲማሩ የሚያደርግ ሥርዓት ይዞ ተነሣ። ነርሶቹም ሐኪሞቹም በቡና አምራች ቀበሌዎች ቤት ለቤት እየዞሩ የውኃ ምንጩን፣ መጸዳጃውን፣ የነፍሰ ጡሯን ሁኔታ ይመዘግቡ ነበር። ከ1952 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በከተማዋ ከነበረው የእርሻ ኮሌጅ ጋር ተዋሕዶ በ1999 እ.ኤ.አ. ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ በየገጠር ቀበሌው ሁለት ሁለት ሴቶች የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሆነው ተመደቡ፤ አብዛኞቹ የገበሬ ልጆች ናቸው።

የሃምሊን የፊስቱላ ሕክምና ማዕከላት በክልል ከተሞችም ተከፍተዋል፤ አንዱ የሚገኘው ኢሉባቦር መቱ ነው። ከጅማም ሆነ ከነቀምት ወደዚያ የሚሄድ ታማሚ በደሌ ላይ ይገናኛል።